ካምፓኒ የተባልኩበት ጠዋት

የሰደበኝ መምህር ወልደጻድቅ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ፣ ባንዲራ ተሰቅሎ ሰልፉ ገና ሳይበተን። ግራጫ ሹራብ ለብሶ ነበር። በእጁ ጠመኔ ይዟል፤ ባንዲራ ስር ጠመኔ ምን እንደሚሠራለት ዛሬም አላውቅም። ሰው ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ታስታውሳለህ ይለኛል። እንዴት አላስታውስ፤ ስሜን የቀየረ ጠዋት ነው። ፊት ለፊት ስንገናኝ እርስዎ ብየዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አንቱታውን አልሰጠውም።

ያኔ ከተማው አዋሳ ይባል ነበር። በትምህርት ቤታችን ደግሞ «የዕለቱ ቃል» የሚባል ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ ተማሪ ደረጃው ላይ ይወጣና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያነሳል፤ ትርጉሙን ይዘረዝራል፣ ከዚያ ከራሱ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ቃሉን የሚሰጠው መምህር ወልደጻድቅ ነው። የሰሜን ሰው ነው፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ አንደበቱ እንደ ምላጭ። እንግሊዝኛ ሲያስተምር የጎን ክፍል ልጆች ሳይቀሩ በመስኮት ያዳምጡት ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም እወደው ነበር። ባልወደው ኖሮ መች እንዲህ ያቃጥለኝ ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ ቃል «ካምፓኒ» ነው። ረቡዕ ክፍል ውስጥ አስረዳኝ። አንደኛ፣ የንግድ ድርጅት ማለት ነው አለኝ። ሁለተኛ፣ አብሮህ ያለ ሰው፣ አብሮነቱም ራሱ። ሦስተኛ፣ ቤትህ የመጣ እንግዳ። አራተኛ፣ ወታደር ቤት ስትሄድ ሻምበል ጦር። ድርጅት ሲሆን ትቆጥረዋለህ፤ አንድ፣ ሁለት እያልክ። አብሮነት ሲሆን ግን አይቆጠርም፤ ውሃን እንደማትቆጥረው ማለት ነው። «ገባህ ኩማ?» አለኝ። ገብቶኛል። አማርኛው ራሱ ሁለተኛዬ ነበር፤ ቤት የምናወራው በሲዳምኛ ነው። ይሄኛው ነገር ግን በሦስቱም ቋንቋ ገባኝ።

ምክንያቱም እኔ ከመንደራችን ከቡሹሎ የምመጣው ከቡሊት ጋር ነበር። ቡሊት አህያችን ናት። የዚያን ጊዜ አዋሳ ባጃጅ የለ፣ ሚኒባስ የለ፤ ሰውም ዕቃም የሚጓዘው በፈረስ ጋሪ ነው። ፈረስ ደግሞ ሳር ይበላል። አባቴ ማታ ያጨደውን ሳር ጎህ ሳይቀድ ቡሊት ላይ እንጭናለን፣ ፒያሳ ጋሪ ማቆሚያው ጋ አድርሼ፣ እሷን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ግራር ስር አስሬ እገባለሁ። መንገዱን ሁሉ ሐይቁ ከጎናችን ነው። ጉማሬ ከሣሩ ወጥቶ ወደ ውሃው ሲመለስ እሷ ቆም ትላለች፤ እኔም እቆማለሁ፤ ሲገባ እንሄዳለን። አሣ አጥማጆቹ መረብ ሲጎትቱ ድምፃቸው በውሃው ላይ ይመጣል። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቆቹ ወፎች የተጣለ የአሣ አንጀት ጠብቀው እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ይቆማሉ። ከተማው ጫፍ ስንደርስ የጋሪዎቹ ቃጭል ይሰማል። አሁን አሁን ጠዋት ስነቃ ያ ቃጭል የሚሰማኝ ይመስለኛል። እወጣለሁ፤ ባጃጅ ነው።

ያን ሐሙስ ዓረፍተ ነገሬን መንገዱን ሙሉ ለቡሊት ስልላት ነው የመጣሁት። እሷ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታደርጋለች። ስሳሳት እንደገና እላለሁ። ጋሪ ማቆሚያው ስንደርስ አንደበቴ ላይ ቅቤ ሆኗል።

ደረጃው ላይ ወጣሁ። አራቱን ትርጉም አንድም ሳልስት ተናገርኩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብዬ፣ «ከቡሹሎ ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ ካምፓኒዬ አህያችን ናት» አልኩ።

የገባቸው ጥቂቶች ናቸው። መምህር ወልደጻድቅ ጠመኔውን በጣቱ አንከባለለና ሁሉም እንዲገባው በአማርኛ አደረገው።

«ጎበዝ ኩማ» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረን። ከሁለታችሁ የተመዘገበው የትኛችሁ ነው?»

ትምህርት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ርዕሰ መምህሩ በመሐረብ አፋቸውን ሸፈኑ። የጥበቃው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። ቡሊት አጥሩ ማዶ ቆማ ትታየኛለች፤ ጫጫታውን ሰምታ ጆሮዋን አቁማለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩማ ቀረ። ካምፓኒ። «ካምፓኒ፣ ዛሬ ሥራ አስኪያጇ ሳር በላች ወይ?» «ካምፓኒ፣ ለእኔ ቅጥር የለም?» ትንሽ ትልቁ ተቀባበለው። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨረስኩና በዚያው ቀረሁ። አባቴ ምነው ሲለኝ ሳሩ ይሻለኛል አልኩት። እሱም አልተከራከረኝም።

በኋላ ሳይክል አከራይ ሆንኩ። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ዳር፣ ሾላ ጥላ ስር። ያን ዘመን አዋሳን ያላየ ምን ያውቃል። ከተማው እንደ መዳፍ ለጥ ያለ ነው፤ ፔዳል አንዴ ከመታህ ሐይቁ ያደርስሃል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወጣቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል፤ ሴት ልጅ ከኋላ በጎን ተቀምጣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ይዛ ትሄዳለች። ጋብቻ የተጀመረባቸው ሳይክሎች ነበሩኝ። ደማቅ ቀይ ቀለም የቀባሁት አንዱ ሳይክል ብቻውን ስንቱን ድሯል። ሰሌዳዬ ላይ «ኩማ ሳይክል ኪራይ» ብዬ በጉልህ አጽፌ ነበር። ማን ያነበዋል። «ካምፓኒ ጋ እንገናኝ» ነው ጨዋታው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ እውነተኛ ካምፓኒ መስሎት አቅጣጫ ጠይቆ ሲመጣ ሾላ ስር የተቀመጠ አንድ ሰውዬና ፓምፕ ያገኛል።

ባጃጅ መጣ፤ ሳይክሉም ጋሪውም ሄደ። ሾላው ተቆረጠ። እኔ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ከቤቴ ደጅ ላይ ጎማ እለጥፋለሁ። ስሙ ግን እኔን ተከትሎ ሰፈር ቀየረ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ልጄ ታቢታ ነርስ ናት። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ሥራ ያገኘችው ደግሞ ቡሹሎ ነው፤ ያን እኔና ቡሊት የመጣንበትን መንገድ እሷ በባጃጅ ትመላለሰዋለች። ማርቆስ የሚባል የመብራት ባለሙያ ወዳለች። ልጁ ጨዋ ነው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት፤ ነውር አላገኘሁበትም። በወጉ መሠረት ሽማግሌ ላኩ። መጀመሪያ የማርቆስ አጎትና ወንጌላዊ ዮሴፍ መጡ። እኔም በወጉ መሠረት «እንመካከርበት፣ ሌላ ጊዜ ኑ» አልኳቸው። እንደዚህ ሲባሉ በሁለተኛው ከበድ ያለ ሰው ጨምረው ይመጣሉ። ሽማግሌ ደግሞ ልጅቷን እሰጣለሁ ካልተባለ አይቀመጥም። ቆሞ ይለምናል። ተቀመጡ ከተባለና ከተቀመጠ አለቀ፤ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ይሄ እኛ ጋ ፊርማ ነው።

እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አጎትየው፣ ወንጌላዊ ዮሴፍ፣ ከኋላቸው ከዘራ የያዘ ሽማግሌ።

ጎብጧል። ፀጉሩ የለም። ሹራቡ ግን ግራጫ ነው።

«ጎረቤታችን ናቸው» አለ አጎትየው። «መምህር ወልደጻድቅ። ሰፈሩ በሙሉ የሚያከብራቸው አባት ናቸው፤ እኛም ያለ እሳቸው አይሆንም ብለን አስቸገርናቸው።»

«ደህና ዋላችሁ» አለ መምህሩ። ዓይኔን አይቶ አለፈኝ። አላወቀኝም።

አስገባኋቸው። ሰበብ ፈጥሬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ባለቤቴ ዘነበች አሣ እየጠበሰች ነው። ፊቴን አይታ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ምን ሆንክ?»

«እሱ ነው። ባለ ጠመኔው።»

ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ተጋብተን ስንኖር ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ወደ ሳሎኑ በመጋረጃው አየችና ተመለሰች።

«እሺ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ቆሞ ይለምናል።»

«እንዴታ፣ ለዚያ ነው የመጡት።»

«እኔ እስክጠግብ ነው የሚለምነኝ። ካልጠገብኩ ደግሞ ልጅ የለኝም።»

ዘነበች እጇን በሽርጧ ጠረገች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ልጄን በአህያ እንዳትለውጥብኝ።»

ጓዳው በር ላይ ታቢታ ቆማለች። በወጉ ሽማግሌ እያለ አትወጣም፤ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ታዳምጣለች። አየችኝ ብቻ።

ሳሎን ተመለስኩ፤ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ሦስቱም ቆመዋል። ወንጌላዊ ዮሴፍ ጸሎት አደረገ። ከዚያ መምህር ወልደጻድቅ ጉሮሮውን ጠረገ። ንግግሩ አልቀነሰም። ድምፁ ቢሳሳም ቃሉ ያው የጥንቱ ነው፤ አንዱን ካንዱ አስተካክሎ ያስቀምጠዋል።

«አቶ ኩማ፣ ወይዘሮ ዘነበች፣ ከዚህ ቀደም ወንድሞቻችን መጥተው ቤታችሁን አውቀውልናል። ዛሬ ደግሞ እኔ በሽምግልናዬ ተጨምሬ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ደጃችሁ ላይ ቆመናል። መልካም ቃላችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

«ጥሩ ብለዋል» አልኩ። «ግን ቸኩሎ የሚሰጥ ነገር አይደለም።»

«አይደለም።»

«ልጁ ምን ተምሯል?»

አጎትየው መለሰ፤ ኮሌጅ ጨርሷል፣ ዲፕሎማ አለው። እኔ መምህሩን እያየሁ፣ «ለመሆኑ እርስዎ አስተምረውታል?» አልኩ።

«እሱን እንኳ አላስተማርኩትም። ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ።»

«ጠባዩን እንዴት አወቁ ታዲያ?»

«በጉርብትና። መብራት ሲጠፋ ሳልጠራው የሚመጣ ልጅ ነው።»

«ሰው ይሰድባል?»

ወንጌላዊው ፈገግ አለ፤ ቀልድ መሰለው። መምህሩ ግን አሰበበት። «ሲሳደብ አልሰማሁም» አለ።

እንዲህ እያልኩ ቀጠልኩ። ስለ እናቱ ጠየቅሁ፤ የማውቃትን ሴት። ስለ ቤት ኪራይ ጠየቅሁ። ስለ ዘመዶቹ ዘመዶች ጠየቅሁ። አጎትየው እግሩን ይቀያይራል። መምህሩ ከዘራው ላይ ነው። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሱሪው እስኪታይ ድረስ። አየሁት። እያየሁት ሌላ ጥያቄ አሰብኩ። ያ ሁሉ ትምህርት ቤት ሲስቅ እኔም ደረጃው ላይ ጉልበቴ እንደዚህ ነበር፤ ማንም ቁጭ በል አላለኝም።

መጋረጃው ተገለጠ።

ታቢታ ነጭ ፕላስቲክ ወንበር ይዛ ወጣች። ማንንም አላየችም። በሳሎኑ መሀል አለፈች፣ ወንበሩን ከመምህሩ ኋላ አስጠጋች፣ ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችና «አባባ፣ ይቀመጡ» አለችው። በሥራዋ ላይ ስንቱን ሽማግሌ እንደዚህ አስቀምጣለች መሰለኝ፤ እሱም ሳያስብ ተቀመጠ።

ከዚያ ሁላችንም ምን እንደሆነ ገባን።

አጎትየው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ዘነበች በመጋረጃው ጠርዝ አፏን ይዛለች። ታቢታም ደንግጣ እጇን ከክንዱ አነሳች፤ ያደረገችው ያን ጊዜ ነው የታያት። መምህር ወልደጻድቅ ሊነሳ ከዘራውን ተጫነ፤ ጉልበቱ እምቢ አለው። እኔን አየኝ።

«ይቅርታ አቶ ኩማ» አለኝ። «ቃልዎን ሳልሰማ ተቀመጥኩ። እንደ ጥፋት አይቁጠሩባት፤ እርጅናዬ ነው።»

ወንጌላዊ ዮሴፍ ቀስ ብሎ «ሙሽራ ራሷን ስትድር ያየሁት ዛሬ ነው» አለ፤ ሳቅ እየተናነቀው።

ያን ጊዜ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። ተነሱ ብል ይነሳሉ። የተቀመጠን ሽማግሌ ማስነሳት ማለት ደግሞ ልጄን በአደባባይ ማዋረድ ነው፤ ራሷን ልትሰጥ ወጥታ አባቷ መለሳት ሊባል ነው። ለመንደሩ ለዘመናት የሚበቃ ወሬ ነው። ስም ያወጡላታል። እኔ ስም ሲወጣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ተቀመጡ እንግዲህ» አልኩ። «ሁላችሁም።»

ዘነበች እልል አለች።

ምግብ ቀረበ፤ አሣ ጥብስና በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ ቡሪሳሜ፣ በእርጎ። አጎትየው ላቡን ጠርጎ መብላት ጀመረ። መምህሩ ከጥቂት ጉርሻ በኋላ ፊቱ ተመለሰ፤ ጨዋታም መጣለት።

«እኔ እኮ በዚህ ከተማ ወጣትነቴን ነው የጨረስኩት» አለ። «ገና አዋሳ ሲባል። በጋሪ ነበር ክፍል የምንደርሰው።»

«ቆንጆ ጊዜ ነበር ይላሉ» አለ አጎትየው።

«ቆንጆ ነበር። ልጆቹ ደግሞ። አንድ የወንዶ ገነት ልጅ አስታውሳለሁ፣ ስሙ ዱካሞ ይመስለኛል። ከበቅሎው ጋር ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ካምፓኒ በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥራ ብለው፣ ተማሪው ሁሉ ድርጅት ድርጅት ሲል፣ እሱ ‹ካምፓኒዬ በቅሎዬ ናት› አላለኝም?» ሳቀ። ሳቁ ደስ የሚል ነው፤ ክፉ የለበትም። «ሰልፉን በሙሉ አስጨበጨብኩለት። ያን ቃል ከዚያ በኋላ ሳስተምር ሁሌ እሱን ነበር የማነሳ። የት ደርሶ ይሆን።»

አጎትየውና ወንጌላዊው ሳቁ። ዘነበች የእርጎ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ደርቃ ቀረች። ታቢታ አንገቷን ደፋች።

ወንዶ ገነት። ዱካሞ። አስጨበጨበ። ዕድሜዬን ሙሉ የተሸከምኩት ነገር እሱ ዘንድ በምግብ ላይ የሚወራ መልካም ጨዋታ ሆኖ ኖሯል፤ ያውም እኔ የሌለሁበት።

«በቅሎ ነበረች?» አልኩት።

«በቅሎ። ቆንጆ በቅሎ።»

ቡሊትን አሰብኳት። አንድ ጆሮዋ ጫፉ የተቀደደ፣ ሆዷ ነጣ ያለ። ስታረጅ አባቴ ጭነት አውርዶላት ሐይቁ ዳር ተለቃ ትግጥ ነበር። እኔ በሳይክል ሳልፍ ቀና ትላለች። ምንም በማልጭንባት ጊዜ እንኳ ትንሽ መንገድ ትከተለኛለች፤ ከዚያ ትቆማለች። ሰው እንደዚያ አልሸኘኝም።

«አሣ ይጨመርልዎ?» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በቃኝ።»

የሠርጉን ወር ተነጋግረን፣ ጸሎት ተደርጎ ተነሱ። በወጉ ልሸኛቸው ወጣሁ። ታቢታ የመምህሩን ክንድ ይዛለች፤ ደረጃው ላይ «ቀስ፣ አባባ» ትለዋለች። እሱም «የኔ ልጅ፣ ማርቆስ ዕድለኛ ነው» ይላታል። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ዘቅዝቃለች። እንደዚህ ባለው ሰዓት ነበር ሳይክሎቼ አንድ በአንድ የሚመለሱት፤ ቀዩ ሁሌ መጨረሻ።

ለመምህሩ መልስ ነበረኝ። እያሳመርኩት ነው የኖርኩት፤ ጎማ ስነቅል፣ ፓምፕ ስመታ። በሩ ላይ ቆሜ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

ሰኢድ የሚባል ባለ ባጃጅ ጎማውን ጠዋት ትቶልኝ ሄዶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጮኸ፦ «ካምፓኒ፣ ጎማዬ ተለጠፈ ወይስ እዚሁ ልደር?»

መምህር ወልደጻድቅ ቆመ።

«ምን ብሎ ጠራዎት?» አለኝ።

«ቅጽል ስማቸው ነው» አለ አጎትየው በደስታ። «ሰፈሩ በሙሉ ካምፓኒ ነው የሚላቸው። የሳይክል ቤት ነበራቸው።»

መምህሩ ዞሮ አየኝ። በሩን ስከፍት እንዳየኝ አይደለም ያየኝ። ዓይኑ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል፤ ከሽበቱ ስር፣ ከጥቁረቱ ስር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እጁ ታቢታ ክንድ ላይ ጠበቅ አለ።

«አቶ ኩማ፣ የትውልድ አገርዎ... ቡሹሎ ነው?» አለ።

ታቢታ አባባሉን ሰምታ ወደ እኔ ቀና አለች። ፊቷ ላይ «ተወው» የሚለውን አነበብኩት። ክንዱን አልለቀቀችም።

«በቅሎ አይደለችም» አለ መምህሩ። «አህያ ነበረች እንዴ?»

ጎማው አጥሩ ላይ ተደግፎ ነበር። አነሳሁት፤ ነፋሱን በአውራ ጣቴ ተጭኜ አየሁ። ከዚያ እያንከባለልኩ መንገዱን ተሻግሬ ወደ ሰኢድ ሄድኩ።